ከመግሪብ በኋላ፤ የካርቱም የምሽት ገበያና የእኛ ሰዎች

የዚህች የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ማኅበረሰባችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፣ እንዲረዳኝ ብለው የዘመን ቅደም ተከተል ዝርዝር አብረው ሰጥተውኝ ነበር። ዝርዝሩ የሚጀምረው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ላይ ሳሉ ካርቱም ከገቡበት ከ1940 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሱዳን የኖርን ሁሉ የለመድነው እሱን ነውና።) ዝርዝሩ መልካም ነው፤ የደከሙበት ሰዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። እኔ ግን ስለ ገበያ ልጽፍ ነው። ይኸውም ስለ ምሽት ገበያ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱልኛላችሁ።

ካፉሪ ለኖርን ሰዎች ከአገር ቤት እንግዳ በመጣብን ቁጥር አንድ ችግር ነበረብን። ካፉሪ ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር የለውም። አጥሩ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ስሙን ያገኘው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በባሕሪ በኩል እርሻ ከነበረው ከነጋዴው ከዓዚዝ ካፉሪ ነው። እርሻው በኋላ ዘመን ተሸንሽኖ ቪላ ሆነ፤ መንደሩም «መረባ» እየተባለ በቁጥር ተከፋፈለ። የቪላዎቹ ጌቶች ሌሎች ነበሩ። ከእኛ ብዙዎቹ ከአጥሩ ውስጥ አብሳይ፣ ሞግዚት፣ ዘበኛ፣ ሾፌር ሆነን ነው ካፉሪን የምናውቀው። እኔ በባሕሪ የፋብሪካ ሠፈር በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ፣ ማደሪያዬ ግን እዚያው ካፉሪ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች።

ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀን ወደ ሒላት ኩኩ ገበያ እንወስደው ነበር።

በ2008 አጎቴ ከጎንደር መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በመተማ፣ በገላባት፣ በገዳሪፍና በወድ መደኒ በኩል አውቶቡስ ለአውቶቡስ ተሸጋግረው ሲደርሱ እግራቸው አብጦ ነበር። ሁለት ቀን ካረፉ በኋላ «በል እንግዲህ ከተማውን አሳየኝ» አሉኝ። ጊዜው ግንቦት ነበር፤ የካርቱም ሙቀት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «አሁን አይሆንም፤ ከመግሪብ በኋላ ገበያ እንሄዳለን» ብላቸው ተገርመው አዩኝ። «ገበያ በማታ? ሽፍታ ነው የምንገበየው?»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ገበያ የፀሐይ ነው። ጠዋት ይቆማል፣ ቀትር ላይ ይደምቃል፣ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ «ገበያው ተፈታ» ይባላል። እዚያ ግን ገበያው የሚደምቀው የእኛ በሚፈታበት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ከየጥላው ሥር የተኛው ከተማ የመግሪብ አዛን ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ አምፖሉ ይበራል፣ ራክሻው ይጮኻል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል።

እስቲ ያንን መንገድ አንድ ጊዜ አብረን እንሂደው፤ ልጆቻችሁ አላዩትምና።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የፍራፍሬው ረድፍ ነው፤ በጢኽ እንደ ግንብ ተከምሮ፣ አንዱ ለማሳያ ተሰንጥቆ ቀይ ሆዱ ይታያል። ቀጥሎ በጆንያ አፍ ላይ የፈሰሰ ነበቅ (የእኛው ቁርቁራ ነው)፣ ጎንጎሌስ የሚሉት ነጭ የባኦባብ ፍሬ፣ ከርከዴ፣ ተምር። ለውዝና እህል የሚሰፈረው ማልዋ በሚባል ቆርቆሮ ነው፤ ሰፋሪው ደግ ሰው ከሆነ ጫፉን ያከናንበዋል። ከዚያ ወዲያ ጭስ ነው። ታሚያ በዘይት ውስጥ ይንጫጫል። ከምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጋር የመጣው አጋሼ፣ በለውዝ ዱቄት የታሸ ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ፣ ፍሙን ከቦ ይቆማል። ኪስራ ጋጋሪዋ ሊጡን በጋለው ዶካ ላይ አፍስሳ በገርገሪባ፣ ማለትም በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ፣ ስስ አድርጋ ትጎትተዋለች። አጎቴ እዚህ ላይ ቆመው ቀሩ። «ዓይን የሌለው እንጀራ!» አሉ።

ቋንቋውን እንደማይችሉ ፈርተው ነበር፤ ነገር ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገበያው አማርኛ እንደሚናገር አወቁ። ከሙን፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ስኳር፣ ሚዛን፣ ሰሐን። ናና እንኳ «ነዕናዕ» ተብሎ ተቀምጧል። መምህር ናቸውና እያንዳንዱን በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። ያስቸገራቸው «ሱቅ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ሱቅ አንዲት ክፍል ናት፤ በእነሱ ዘንድ ገበያው በሙሉ ሱቅ ነው። «ቃሉን ስናሻግረው ቆርጠን ነው ያሻገርነው፤ የጫነው ግመል ትንሽ ነበር ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

በመጨረሻ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ባንበር በሚባለው፣ በገመድ በተጠለፈ አጭር በርጩማ ላይ። ቡና አፍይዋ ከኑባ ተራሮች የመጣች ትልቅ ሴት ነበረች። «ተፈደል፣ ያ ሐጅ» አለቻቸው። የዲያቆን ልጅ፣ ጾም የማያፈርሱ ሰው፣ ሐጅ ሲባሉ ምን እንደሚመልሱ ግራ ገባቸው። ለሽማግሌ ሁሉ የሚሰጥ የአክብሮት ስም መሆኑን ነገርኳቸው። ሴትየዋ ቡናውን እዚያው ቆላች፣ ከዝንጅብል ጋር ወቀጠች፣ በጀበና አፈላች፣ ከጎን ዕጣን አጨሰች። ሱዳኖች «ጀበና» ሲሉ ዕቃውንም ቡናውንም መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ሒሳብ ስንጠይቅ «አልፍ» አለች። አልፍ ማለት ሺህ መሆኑን አጎቴ በዚያው ምሽት ተምረዋል፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን በ1992 ዲናር አወጣች፤ አንዱ ዲናር አሥር አሮጌ ፓውንድ ነበር። በ2007 ደግሞ አዲስ ፓውንድ መጣ፤ አንዱ በመቶ ዲናር ተመነዘረ። አዲሱ አንድ ፓውንድ እንግዲህ አሮጌው ሺህ ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ስሙን ሲቀይር የገበያ ሰው ግን አሮጌውን አልለቀቀም፤ አንድ ፓውንድን «አልፍ» እያለ ኖረ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ስገልጽ ደስ ይለኛል። አጎቴ ግን ከገለጻዬ ይልቅ ያመኑት አንዲቷን የብር ኖት አውጥቼ ስከፍል ባዩ ጊዜ ነው።

በማግሥቱ «ኦምዱርማን ገበያ ውሰደኝ» አሉ። ሄድን። ለኔ ኦምዱርማን የብር ጌጥና የቆዳ ጫማ የሚገዛበት ነው፤ እሳቸው ግን ምንም አልገዙም፣ ምንም አልነኩም። ሰው ሲያዩ ነበር። የሽቶ ሻጩን አሮጊት፣ የቅመም ሻጩን ጎልማሳ፣ ጀበና ይዛ የምትዞረውን ልጅ፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያያሉ። ነውር እንዳይሆንብን ሰጋሁና «አጎቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«የቅድመ አያቴን እኅት» አሉኝ።

ታሪኩን እዚያው፣ ሁለት ብርጭቆ የወተት ሻይና ትኩስ ዘላቢያ ከፊታችን ተቀምጦ፣ ነገሩኝ። በጥር 1888 የኸሊፋው የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ ዓንጃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ደምቢያ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ማርኮ ተመለሰ። ጎንደሬ ሁሉ «በድርቡሽ ጊዜ» እያለ የሚያወሳው ይህንን ነው። በመጋቢት 1889 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ኦምዱርማን ያን ጊዜ የማህዲያ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ1885 እስከ 1898። ሴቶቹና ሕፃናቱ ምርኮኞች የተነዱት ወደዚያች ከተማ ነው። የአጎቴ ቅድመ አያት እኅት፣ በዚያን ጊዜ ገና ልጃገረድ፣ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ወሬዋ አልተሰማም። በቤተሰቡ ዘንድ ስሟ የሚነሣው ለተዝካር ብቻ ነበር።

እንግዲህ አጎቴ ያንን ሁሉ መንገድ በሰባ ዓመታቸው የመጡት ይህንን ፈልገው ነበር። መቶ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ የምትገኝ ሰው እንደሌለች ያውቃሉ፤ መምህር ናቸው። ነገር ግን ልጅ ከወለደች፣ ልጇም ከወለደ፣ ከዚህ ገበያ ከሚርመሰመሰው ሕዝብ ውስጥ የእናታቸውን ግንባር የያዘ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል ብለው ነው። ሦስት ምሽት ተመላለስን። አንዲት የዕጣን ሻጭ ጋ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው፣ ሣቀች፣ አንድ ቁራጭ ዕጣን በነፃ ሰጠቻቸው። ሌላ ምንም የሆነ ነገር የለም። ዕጣኑን በመሐረብ ቋጥረው ጎንደር ይዘውት ገቡ።

የዘመን ዝርዝሩ ለምን ከ1940 እንደሚጀምር የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ ለመተረክ ያመቻል። በሐምሌ 1940 ካርቱም ገቡ፣ በጥር 20 ቀን 1941 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ መጨረሻው ድል ነው። በኦምዱርማን ገበያ የቀሩት ደምቢያዎች መጨረሻቸው አይታወቅም፤ ማኅበርም አልመሠረቱም። በካርቱም ከእኛ በፊት የነበሩት ኢትዮጵያውያን ግን እነሱ ናቸው። ወደ ገበያ የገቡትም ለመሸጥ አልነበረም።

ለመሸጥ የገቡት በኋላ ነው። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ፣ ከ1974 አብዮትና ከቀይ ሽብሩ በኋላ ከጎንደር፣ ከትግራይና ከአዲስ አበባ፣ በ1984 እና 85 ረሃብ ጊዜ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ ስደተኛው ወደ ሱዳን ፈሰሰ። በሕጉ መሠረት ስደተኛ የሚቀመጠው በካምፕ ነበር፤ የሱዳን የ1974 የጥገኝነት ሕግ ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ መውጣትን ይከለክል ነበር። ነገር ግን በካምፕ ሥራ የለም። ስለዚህ ሰዉ ወደ ከተማ ይገባል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ቀን ለቀን አይንቀሳቀስም። ወንዶቹ በየግንባታውና በየጋራዡ ተደበቁ። ሴቶቹ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ጀበና፣ ስድስት ፍንጃልና አንድ የከሰል ምድጃ ይዘው ወጡ። ሌላ ካፒታል አያስፈልገውም ነበር። ዴም በሚባለው የካርቱም የድሮ የሠራተኞች ሠፈር የጀመረው የእኛዎቹ ቡና በኋላ ባሕሪም፣ ሒላት ኩኩም ደረሰ። በጤፍ ፈንታ ፈተሪታ የሚባለውን ማሽላ የቀላቀለ እንጀራም እዚያው ተሸጠ፤ ካልለመዱት ይኮመጥጣል።

ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያው የ1984 ድርቅና በደቡቡ ጦርነት ምክንያት ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋንና ከደቡብ የተፈናቀሉ ሱዳናውያት በዚያው ምሽት፣ በዚያው ረድፍ ሻይ አፍይ ሆነው ተቀምጠዋል። «ሲት አሽ ሻይ» ይሏቸዋል። ሁሉንም የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ካሻ። በካርቱም ግዛት በ1996 የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ለመንገድ ዳር ሴቶች ዕዳ ሆኖ ኖረ፤ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ምድጃው፣ ጀበናው፣ ባንበሩ ይጫናል፣ ሴትየዋ መቀጫ ትከፍላለች። የእኛዎቹ በዚያ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ነበረባቸው። አንዲት የሑመራ እኅታችን እንደነገረችኝ «ካሻ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የኑባዋ ጎረቤቷ የራሷን ዕቃ ትታ የሷን ጀበና በቶቧ ውስጥ ትሸሽግላት ነበር። ለምን ብላ ስትጠይቃት «የኔ ይገዛል፤ አንቺ ግን ትባረሪያለሽ» አለቻት። ይህንን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁትም፤ እዚህ ይጻፍልኝ።

ከሻይ አፍይዎቹ መካከል ዓወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የተባለች ሴት የሻይና የምግብ ሻጮች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁማ በ2016 ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት አገኘች። በ2019 ሕዝቡ በጦር ኃይሎች ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ሲቀመጥ ምግብ ካበሰሉት አንዷ እሷ ነበረች። አል በሽር በሚያዝያ ወረደ፤ ወደ ኮበር ወኅኒ ቤት ተወሰደ፣ ከካፉሪ ብዙ አይርቅም። በዚያው ዓመት ኅዳር የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ ተሻረ። ያን ሰሞን ሒላት ኩኩ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ባንበሮቹ ወደ አስፋልቱ ድረስ ወጥተው መኪና ማለፊያ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ቅዳሜ ጠዋት ጦርነቱ ተጀመረ። ካፉሪ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች ይዞታ ሆነች፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዛት በየካቲት 2025 ነው። በመጋቢት ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ። ባሕሪ ገበያ፣ ሰዓድ ቂሽራ፣ ኦምዱርማን፣ ብዙው ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል። የዚህ ማኅበር አባላትም ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ተበተንን፤ ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ግብፅ፣ ብዙው እንደ መጣበት በገዳሪፍ አድርጎ ወደ መተማ። በግርግሩ ደብተሮቻችንና ፎቶግራፎቻችን ቀርተዋል። በዚህች መጽሔት ውስጥ የድሮ ሥዕል ያነሰው ለዚህ ነው።

እኔ መተማ ዮሐንስ የደረስኩት በግንቦት ነው። ከጎኔ የሚሻገረው ከእኛ ይልቅ ሱዳናዊው ይበዛ ነበር፤ ቪላ የነበራቸው ሰዎች፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ ሕፃናት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው። አጎቴ በዚህ መንገድ ሲመጡ እግራቸው ማበጡን አስታወስኩ፤ የኔም አብጦ ነበር።

መሸ። ከመንገዱ ዳር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ አንዲት ሴት ቶብ ለብሳ ሁለት ድንጋይ ላይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ አየሁ። ባንበር የላትም፤ የዘይት ጀሪካን ገልብጣ ለደንበኛ መቀመጫ አድርጋለች። እኔም ሳላውቀው ፊቷን ማየት ጀመርኩ።

«ተፈደል፣ ያ ሐጅ» አለችኝ። ጢሜ ሸብቶ ነበርና።

ከባሕሪ ነው የመጣችው፤ ከሰዓድ ቂሽራ በስተጀርባ። ልጆቿ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ስለ ካፉሪ ጠየቅኳት፤ ታውቃለች፣ ግን አልሠራችበትም። ሻዩ በናና ነበር፣ ስኳሩ በዛ ያለ፣ እንደዚያው እንደ እዚያው። ስጨርስ ሒሳብ ጠየቅኩ። በብር መቁጠር ገና አልለመደችም መሰለኝ ጥቂት አሰበች።

«አልፍ» አለች፤ ከዚያ ራሷ ሣቀች።

አሥር ብር ሰጠኋት። መልስ ፍለጋ ቶቧን ስትፈታ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ እንድትቀዳልኝ ነገርኳት።